የማን ፈትል ነው?

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ አነጋገር ላይ ላዩን ሲሰሙት የጌጥ ወዳድ ሰው ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን ካላቸው ልብስ ሁሉ ንጹሑንና ነጩን ለይተው ለጌታ በዓል ያስቀምጡ እንደ ነበር የሚመሰክር ቃል ነው። ዓመት ሙሉ በሣጥን ታጥፎ የቆየው ነጠላ በከተራ ዕለት ይወጣል፤ ያን ዕለት ያልተለበሰ ልብስ እንግዲህ ለመቼ ይሆናል?

ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ከጃን ሜዳ ወደ መንበሩ ሲመለስ፣ ታቦቱን አጅቦ ወደ የካ የሚጓዘውን ሕዝብ ከፍ ካለ ስፍራ ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ በስተ ሰሜን የእንጦጦን ተራራ፣ ከተራራውም በታች የሚንቀሳቀስ ነጭ ባሕር ያያል። ከሩቅ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው። ቀርቦ ላስተዋለው ግን ነጩ ልብስ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በዕድሜ የገፉ እናት የደረቡት፣ ብዙ ጊዜ ከመታጠቡ የተነሣ እንደ ሐር የለሰለሰ፣ በእጅ ተፈትሎ በእጅ የተሸመነ ስስ ነጠላ ነው። ሁለተኛው በእጅ የተሸመነ፣ ነገር ግን ክሩ ከፋብሪካ የመጣ ነው። ሦስተኛውን ግን ሸማኔ አላየውም፤ ከባሕር ማዶ በመኪና ተሠርቶ፣ የጥለታችን መልክ በቀለም ታትሞበት የመጣ ጨርቅ ነው።

የሦስቱም ለባሾች የሚዘምሩት መዝሙር አንድ ነው። እግዚአብሔር ልብን እንጂ ልብስን አይመለከትምና ይህን የምንጽፈው ማንንም በልብሱ ለመንቀፍ አይደለም። አቅም የሌለውን ሰው ከብርድ የሚሸፍን ርካሽ ልብስም ቢሆን ምስጋና ይገባዋል። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ያ አንደኛው ነጠላ፣ የእናታችን ነጠላ፣ ሲያልቅ የሚተካው ከወዴት ይገኛል? የሚል ነው።

ብዙ ሰው የጠፋው ሸማኔው ይመስለዋል። ሸማኔው ግን አልጠፋም። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ሽሮ ሜዳ የደረሰ ሰው ግራና ቀኙን በተሰቀሉ ቀሚሶችና ነጠላዎች ተሸፍኖ ያገኘዋል። የሳሳው፣ ሊጠፋም የተቃረበው፣ በእጅ የተፈተለው ቀጭን ክር ነው። ይህም ክር አስቀድሞ የተለየው ከገበያው ሳይሆን ከየቤታችን ነው።

እንዝርት የያዘች እናት

በአብያተ ክርስቲያናችን የብሥራትን ሥዕል ያስተዋለ ሰው እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በእጇ ክር ይዛ ያያል። ይህ የሠዓሊው ፈጠራ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን በትውፊት እንደምታስተምረው፣ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ያበሠራት ለቤተ መቅደስ መጋረጃ የሚሆነውን ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ነው። አምላክ ሥጋችንን ሊለብስ በወደደ ጊዜ የምሥራቹ የተሰማው ክር በሚፈተልበት ስፍራ መሆኑን እናስተውል። እንዝርት ከዚያ ወዲህ የተናቀ ዕቃ ሊሆን አይችልም።

መጽሐፈ ምሳሌም በ31ኛው ምዕራፍ ልባም ሴትን ሲያመሰግን ከምግባሯ መካከል እጇ እንዝርት መያዙን ይቈጥርላታል። በሐዋርያት ሥራ 9ኛው ምዕራፍ ላይ ደግሞ በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ ባረፈች ጊዜ፣ መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ እያለቀሱ ያሳዩት በሕይወቷ ሳለች የሠራችላቸውን ልብስ ነበር። ስለ ደግነቷ የተናገሩላት ቃላት ብቻ ሳይሆኑ በድሆቹ ጀርባ ላይ የነበረው የእጇ ሥራ ነው።

በእኛም አገር ነጠላ ልብስ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ምእመን በመስቀል አምሳል አጣፍቶ ይለብሰዋል። ኀዘን የደረሰበት ሰው ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ሲደርብ፣ የሚያየው ሁሉ ሳይጠይቅ ኀዘኑን ያውቅለታል። እንግዲህ ነጠላ ጸሎትንና ኀዘንን የሚናገር ልብስ ከሆነ፣ የተሠራበት ክር ከማን እጅ እንደ ወጣ ማወቅ ከንቱ ነገር አይደለም።

ቤቱ ሁሉ የሥራ ቤት ነበረ

ቀድሞ ሸማ የሚሠራው በሸማኔ ቤት ብቻ አልነበረም። ከድካሙ የሚበዛው የሚፈጸመው በየሰው ቤት ነበር። እመቤቲቱ ጥጡን ከገበያ ታስመጣለች፤ በድንጋይ ላይ አድርጋ በብረት መዳመጫ ፍሬውን ትለያለች፤ የተዳመጠውን ጥጥ በደጋን ነድፋ ባዘቶ ታደርገዋለች፤ ባዘቶውንም እየጠቀለለች አመልማሎ ታዘጋጃለች። ከዚህ በኋላ እንዝርት ይነሣል። በአንድ እጇ አመልማሎውን እየሳበች ታቀጥናለች፤ በሌላው እጇ የእንዝርቱን ዘንግ በጭኗ ላይ አንከባልላ ታሾረዋለች። የተፈተለው ክር በዘንጉ ላይ እየተጠቀለለ ሲሞላ ልቃቂት ይሆናል።

ይህ ሥራ የራሱ ሰዓት አልነበረውም። ቡናው እስኪፈላ፣ ጎረቤት ለጨዋታ ሲመጣ፣ ማታ በምድጃው ዳር ልጆች ተረት ሲሰሙ፣ እንዝርቱ ይሾራል። ሴት ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ አስቀድማ ለጋቢና ለቡሉኮ የሚሆነውን ወፍራም ክር ትለማመዳለች፤ እጇ ሲፈታ ለኩታ፣ ከዚያም ለነጠላ የሚሆነውን ቀጭኑን ትሞክራለች። ቀጭን ፈትል የባለሙያ ሴት ምስክር ነበረ።

ልቃቂቱ ሲበቃ ቤተ ሰቡ ክሩን ለሸማኔ ይሰጣል፤ ሸማኔውም ለእጁ ዋጋ ይቀበላል። ስለዚህ ሸማኔው የሚሠራለትን ሰው ያውቃል፤ ለባሹም የፈተለውንና የሸመነውን ሁለቱንም ያውቃል። በዚያ ዘመን አንድ ሰው አምሮበት ለብሶ «የማን ፈትል ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ የእናቱን ወይም የሚስቱን ስም ይጠራ ነበር። ዛሬ ይህን ጥያቄ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን የምንመልሰው የለንም።

ክሩ ከቤት የወጣበት ምክንያት

ጥጥ ለዚህ የዓለም ክፍል እንግዳ አይደለም። የአክሱሙ ንጉሥ ዔዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ባስቀረጸው ጽሕፈት ወደ ኖባ ስላደረገው ዘመቻ ሲናገር፣ በዚያ ያጠፋውን የእህልና የጥጥ ክምችት ያነሣል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ብዙ መቶ ዓመታት ሸማ ለንጉሥም ለገበሬም ልብስ ሆኖ ኖሯል። በእንጦጦ ማርያም ቤተ መዘክር የሚታዩት የቀድሞ ዘመን አልባሳትም ልብስ ለክብርና ለቅድስና አገልግሎት ሲውል እንደ ኖረ ያስታውሱናል። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነበር።

ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወዲህ አቡጀዲ የተባለው የውጭ አገር የፋብሪካ ጨርቅ በአገራችን ገበያ ተስፋፋ። ኋላም የጥጥ ፋብሪካዎች በአገር ውስጥ ተተከሉ፤ በድሬ ዳዋ፣ በአቃቂ፣ እንዲሁም በ1953 ዓ.ም. ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ የተቋቋመው የባሕር ዳሩ ይጠቀሳሉ። እነዚህ ፋብሪካዎች ለብዙ ሕዝብ ሥራና ልብስ ሰጥተዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ፋብሪካው የሚያወጣው ክር ግን ወደ ሸማኔውም ቤት ገባ፤ የገባውም አስቀድሞ በድሩ በኩል ነው።

ይህ ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት ድርና ማግን መለየት ያስፈልጋል። ድር የሚባለው በሽመናው ዕቃ ላይ ለርዝመቱ የሚወጠረው ክር ነው፤ ማግ የሚባለው ደግሞ በመወርወሪያ ተይዞ ድሩን እያቋረጠ የሚገባው ነው። ማግ የሚሳብበት ኀይል የለምና ለስላሳና ላላ ያለ ቢሆን ይሸመናል። ድር ግን ተወጥሮ ይውላል፤ እየተከፈተና እየተዘጋ በየምቱ ይፋተጋል። ስለዚህ ቀጭንም ጠንካራም ሆኖ በሚገባ የከረረ መሆን አለበት። ቀጭን ድር በእጅ መፍተል ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ነው፤ አንዱ ክር በተበጠሰ ቍጥር ሸማኔው ሥራውን አቁሞ መቀጠል ይኖርበታል። እንግዲህ የማይበጠስ፣ አንድ ልክ የሆነ የፋብሪካ ክር በርካሽ ሲገኝ ሸማኔው ወደዚያ ማዘንበሉ አያስወቅሰውም። እነሆም በእጅ የሚፈተለው ለማግ ብቻ ሆነ፤ በኋላም ማጉ ራሱ በብዙ ልብስ ላይ በፋብሪካ ክር ተተካ። በቅርብ ዘመን ደግሞ ከነዳጅ ዘይት የሚገኘው ፖሊስተር የተባለው ሰው ሠራሽ ክርና የታተመው ጨርቅ ተጨመሩ።

ዛሬ አንዲት እናት ወደ አንድ ሸማኔ ቀርባ ብትጠይቅ እንዲህ ያለ ምላሽ ልታገኝ ትችላለች።

«ልጄ፣ ይህ ነጠላ ፈትል ነው?»

«ማጉ ፈትል ነው፣ እናቴ። ድሩ የፋብሪካ ነው።»

«ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል የሆነ የለህም?»

«እሱን እንኳ ከየት አመጣለሁ፣ እናቴ? ፈታዩዋን ካገኙና ክሩን ይዘው ከመጡ እኔ እሠራልዎታለሁ።»

ነገሩ ሁሉ በዚህ መልስ ውስጥ ተጠቃሏል። እጅ አለ፤ የሽመናው ዕቃ አለ፤ ለባሽም አለ፤ የጎደለው ክሩ ነው። ቀጭን ድር የመፍተል ጥበብ ከእናት ወደ ልጅ በእጅ የተላለፈ እንጂ ከመጽሐፍ የሚነበብ አይደለም። ስንት ፈትላ፣ ምን ያህል አክርራ፣ የትኛውን ጥጥ ለድር የትኛውን ለማግ መርጣ እንደምትሠራ የሚያውቀው የአረጋዊቷ ጣት ነው። ያ ጣት ሳያስተምር ካረፈ ዕውቀቱም አብሮት ይቀበራል።

የሸማኔው ክብርና የርካሽ ዋጋ ዕዳ

በሽሮ ሜዳና በእንጦጦ ግርጌ ከሚሠሩት ሸማኔዎች አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው። በጋሞ ዘንድ እንደ ልማዱ ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ሸማኔው እግሩን በጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ተቀምጦ፣ በእግሩ ድሩን እየከፈተ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ይወረውራል። ጥበቡ በሚሠራበት ስፍራ ሲደርስ ፍጥነቱን ትቶ ቀለሙን ክር በክር እየለቀመ ያስገባል።

ይህ ባለ ሙያ በአገራችን ለረጅም ዘመን ተንቋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሸማኔውንም ሆነ ሌላውን የእጅ ባለ ሙያ በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ100 ዓመት በላይ አልፏል፤ በአፍ የሚሰነዘረውም ስድብ ቀንሷል። ነገር ግን ንቀት በአፍ ብቻ አይገለጥም። በበዓል ቀን የምንኰራበትን ልብስ ለሠራው ሰው ከድካሙ በታች ስንከፍል፣ ያው ንቀት በኪሳችን በኩል ተመልሶ ገብቷል ማለት ነው።

ርካሹን ዋጋ የሚከፍለው ሌላ ሰው መኖሩንም መደበቅ አይገባም። ከጋሞ ገጠር «ሽመና ይማራል፤ ትምህርት ቤትም ይገባል» ተብለው ወደ አዲስ አበባ የተወሰዱ ሕፃናት፣ ትምህርት ቤት ሳያዩ ከማለዳ እስከ ማታ በሽመና ጉድጓድ ውስጥ እንዲውሉ መደረጋቸው በተለያዩ ጥናቶች ተመዝግቧል። የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም በእጅ የተሸመነውን የኢትዮጵያ ልብስ በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ከሚመረቱ ዕቃዎች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ይህን የምናነሣው ሸማኔውን ሁሉ ለመክሰስ አይደለም፤ አብዛኛው በላቡ የሚያድር ጭዋ ሠራተኛ ነው። ነገር ግን በሕፃን ዕንባ የረጠበ ነጠላ ለብሶ በታቦት ፊት መቆም እንደማይገባ የማይስማማ ክርስቲያን አይኖርም። ስለዚህ «ማን ፈተለው? ማን ሸመነው?» ብሎ መጠየቅ የሕሊናም ግዴታ ነው።

በእንጦጦ ግርጌ የታየ ጅምር

ተስፋው ግን አልጠፋም። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ የእንጦጦን ተራራ ከሸፈነ በኋላ፣ ከዚያ ጭራሮና ቅጠል ለቅመው ወደ ከተማ የሚያወርዱ ሴቶች ለአዲስ አበባ ምድጃ እሳት ሲያቀርቡ ኖረዋል። ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ከየካና ከእንጦጦ ዳገት ሲወርዱ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የእነዚህን ሴቶች ኑሮ አስጠንቶ ረዳት ሆኖላቸው፣ የቀድሞ ማገዶ ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ለመቋቋም በቃ። አባላቱ ሸክሙን ትተው ሽመናና ሌላም የእጅ ሥራ ተማሩ፤ የሸመኑትን ነጠላና የአንገት ልብስ ለገዢ ያቀርባሉ።

ይህ ማኅበር ሁለት ነገር አስተምሮናል። አንደኛው፣ ሽመና የወንድ ብቻ ነው በሚባልበት አገር ሴት በሽመናው ዕቃ ላይ ተቀምጣ መሥራት እንደምትችል ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው፣ እንጨት ከመሸከም ሌላ ሥራ የለሽም የተባለች ሴት የሚያስተምራትና የሚገዛት ካገኘች ጥበበኛ ለመሆን እንደምትበቃ ነው።

በአዲስ አበባ ሌሎችም ሥራዎች አሉ። ሳባሃር የተባለው ድርጅት በእጅ የተፈተለ ጥጥና ሐር በእጅ እያሸመነ ይሸጣል፤ ለዚህም በየቤታቸው ከሚፈትሉ ሴቶች ክር ይገዛል። ሙያ ኢትዮጵያ የተባለውም በእጅ ሽመና ይታወቃል። በሞዴልነት ሙያ ስማቸው የታወቀው ወይዘሮ ልያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቋቋሙት ለምለም ደግሞ የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና ወደ ውጭ አገር ገበያ አድርሷል። የእነዚህ ድርጅቶች ብዙው ደንበኛ በውጭ አገር ያለ ሰው ነው። ባዕድ አገር ያለ ሰው የእናቶቻችንን ፈትል ዋጋ ሰጥቶ ሲገዛ፣ እኛ ግን ለቤተ ክርስቲያን የምንለብሰውን ከባዕድ ፋብሪካ የምናስመጣ ከሆነ ነገሩ ሊያስተክዘን ይገባል።

ከባሕር ማዶም አንድ ምሳሌ እንጨምር። ዛሬ ባንግላዴሽ በሚባለው አገር፣ በዳካ ከተማ አካባቢ፣ ለዓይን እስኪያስቸግር ድረስ ስስ የሆነ ሙስሊን የተባለ የጥጥ ልብስ ይሠራ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በእንግሊዝ አገዛዝና በፋብሪካ ጨርቅ ውድድር ምክንያት ጥበቡ ጠፋ፤ የሚሠራበትም የጥጥ ዓይነት ከእርሻ ላይ ታጣ። በቅርብ ዓመታት የአገሩ ተመራማሪዎች ሊያድሱት በተነሡ ጊዜ ሸማኔ አልቸገራቸውም፤ ጃምዳኒ የተባለውን ጥበብ የሚሸምኑ ባለ ሙያዎች ነበሩአቸውና። የቸገራቸው ጥጡንና ፈታዮቹን ማግኘት ነበር። ስለዚህ የጥጡን ዘር ፈልገው ዘሩ፤ ወፍራም ክር የሚፈትሉ ሴቶችን ሰብስበው ቀጭኑን እንዲፈትሉ አሠለጠኑ፤ ከዚያ በኋላ ልብሱ እንደ ገና ተሸመነ። እነርሱ ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ በብዙ ድካም የፈለጉት ፈታይ፣ በእኛ ዘንድ ገና በሕይወት አለች፤ ምናልባትም በጎረቤታችን ትኖራለች። እግዚአብሔር የሰጠን ጊዜ ይህ ነው።

ከእያንዳንዱ ቤት የሚጠበቀው

ሁላችንም ድሩም ማጉም ፈትል የሆነ ነጠላ ለየዕለቱ እንልበስ ማለት የማይሆን ምክር ነው። ብዙ ሳምንት የተደከመበት ልብስ ዋጋው ከፍ ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ ልብስ ለትልቅ ጉዳይ የሚገዛበት ጊዜ አለ። ለሕፃን ክርስትና፣ ለሥርዓተ ተክሊል፣ ለወላጅ መታሰቢያ የሚሆን አንድ ልብስ ከፈታይና ከሸማኔ አስቦ ማሠራት ለብዙ ቤት የሚቻል ነው። የክርስትና እናት ለልጇ ከምትገዛው ብዙ ዓይነት ስጦታ ይልቅ አንድ ንጹሕ ፈትል ብታሠራለት፣ ልጁ አድጎ ለልጁ ያወርሰዋል። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበራትም በአጥቢያቸው ያሉትን አረጋውያት ፈታዮች ለይተው በኅብረት ቢያሠሩ፣ ለእናቶቹ የጡረታ ያህል ገቢ፣ ለሸማኔውም የታመነ ሥራ ይሆናል።

ሲገዙ መለየትም ያስፈልጋል። የእጅ ፈትል በብርሃን ፊት ሲያዩት ክሩ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን የእጅ ምልክት ነው። የፋብሪካ ክር ከዳር እስከ ዳር አንድ ልክ ነው። የተሸመነ ጥለት ከጀርባው ሲገለበጥ ክሮቹ ይታያሉ፤ የታተመው ግን ከፊቱ ደምቆ ከጀርባው ይደበዝዛል። ከጠርዙ አንድ ክር ተስቦ በጥንቃቄ በእሳት ቢለኰስ ጥጡ እንደ ወረቀት ነድዶ ልም አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተሩ ግን ይቀልጥና ሲበርድ እንደ ጠጠር ይደርቃል።

የተገኘውን መጠበቅም ከመግዛት አያንስም። እናቶቻችን ሸማን በእንዶድ ያጥቡ ነበር። ዛሬም ቢሆን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ ማጠብ፣ አጥብቆ አለመጠምዘዝ ይገባል። በረኪና ነጭ ያደረገ ይመስላል እንጂ የጥጡን ክር ያደክማል። የጥለቱ ቀለም እንዳይለቅ አስቀድሞ በጠርዙ መሞከር ነው። በዚህ ዓይነት የተያዘ ፈትል ሲታጠብ እየለሰለሰ ብዙ ዘመን ያገለግላል፤ ዋጋውም በዓመታቱ ቢካፈል ውድ ሆኖ አይገኝም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማስተማር ነው። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ እንዝርት የምትይዝ አያት ካለች፣ ልጆቻችሁን ከአጠገቧ አስቀምጡ። የዛሬ ልጅ ትምህርቱንና ሥራውን ትቶ ፈታይ ይሁን ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በዕረፍት ቀን አንድ ልቃቂት እንኳ የፈተለች ልጅ፣ አንድ ነጠላ ስንት ድካም እንዳለበት ታውቃለች፤ ያወቀችውንም አትንቅም። ከአሥር ልጆች አንዲቱ እጇ የተባረከ ሆኖ ብትገኝ፣ ጥበቡ ለሚቀጥለው ትውልድ ተሻገረ ማለት ነው። ወንዶች ልጆችም ቢሆኑ ወደ ሸማኔው ቤት ሄደው ሥራውን ይዩ፤ «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያበርታዎ» ብለው በክብር ሰላምታ መስጠትን ይልመዱ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ይህ ምሳሌ ስለ ኅብረት ሲነገር እንሰማዋለን። አንዲት ክር ብቻዋን ደካማ ናት። ፈታይዋ፣ ሸማኔውና ለባሹም እንደዚሁ በየብቻቸው ደካሞች ናቸው። ሦስቱ እንደ ቀድሞው ሲተዋወቁ ልብሱ ይጸናል።

በሚመጣው ዓመት ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤልን ታቦት አጅበን ስንሄድ፣ ከእንጦጦ ግርጌ የሚፈሰው ነጭ ባሕር እንደ ልማዱ ይታያል። በዚያ መካከል አንዲት ልጅ አዲስ ስስ ነጠላ ደርባ ብትታይና ጎረቤቷ «የማን ፈትል ነው?» ብላ ብትጠይቃት፣ «የአያቴ ነው፤ ከጠርዙ ላይ ያለው ጥቂቱ ግን የእኔ ነው» ብላ እንድትመልስ ያብቃን። እመቤታችን ሐርና ወርቅ ያስማማችበትን እጅ ዘርግታ የእናቶቻችንን እጅ ትባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።